በደብተር ላይ የተሣለ ክራር

ቀን በመሥሪያ ቤት ውላችሁ ማታ ደግሞ ከምድጃው ፊት የምትቆሙ እናቶች፣ ለመሆኑ ልጃችሁ የሙዚቃ የቤት ሥራ ይዞ መጥቶ ያውቃል? የሒሳቡንማ አብራችሁ ደምራችኋል፤ የአማርኛውንም አስነብባችኋል። የሙዚቃው ተራ ሲደርስ ግን ብዙዎቻችን «እሱን እዚያው ትምህርት ቤትህ ጨርሰው» ብለን ወደ ሽንኩርታችን እንመለሳለን። እኔም ከነዚሁ እናቶች አንዷ ነበርኩና ዛሬ የምጽፍላችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

የምኖረው በደቡብ ጎንደር፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአንበሳሜ ከተማ ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ሽሮ ሳማስል፣ ያን ጊዜ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ሴት ልጄ መደቡ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቁማ አየኋት። በግራ እጇ ከኋላ ደግፋዋለች፤ በቀኝ እጇ ጣት ገጹን ከላይ ወደ ታች ትጭረዋለች፤ በአፏም «ድን፣ ድን፣ ድን» ትላለች። ጠጋ ብዬ ባይ፣ መምህሯ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣሉላቸውን ክራር ገልብጣ በማስመሪያ ስድስት ክር አስምራለታለች። ከግርጌውም «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» ተብሎ ተጽፏል። ከመጫሯ ብዛት የእርሳሱ መስመር ተፍቆ ክሮቹ ተድበስብሰዋል።

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ይቆረቁረኛል።

«እውነተኛውን ክራር ለምን አትነኩም?» ብዬ ብጠይቃት፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ክራር እንዳለው፣ እሱም ዕቃ ቤት ተቆልፎበት እንደሚኖርና ለወላጆች በዓል ብቻ እንደሚወጣ ነገረችኝ። በማግስቱ መምህሯን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ክራሩን በስሜ ፈርሜ የተረከብኩት ነው፤ ስልሳ ልጅ ነክቶት ቢሰበር ከየት አምጥቼ እተካለሁ?» አሉኝ። እኔም ስንት ዕቃ በፊርማዬ የምጠብቅ ሰው ነኝና መልሳቸው ገባኝ፤ አልፈረድኩባቸውም። ግን ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ መሣሪያው እንዳይሰበር ሲጠበቅ ልጆቹ ሳይነኩት ከክፍል ክፍል ያልፋሉ። በፈተና ላይ «ክራር ስንት ክር አለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጅቷም «አምስት ወይም ስድስት» ብላ ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። ከአምስቱም ከስድስቱም አንዷን ክር ነክታ አታውቅም።

እንግዲህ አስቡት፤ ጣና ዳር ያደገ ልጅ ዋናን በጠመኔ ተምሮ ያውቃል? በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል የትምህርት ዓይነት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። መጽሐፉ ውስጥ ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም፣ ከበሮውም ሥዕላቸው አለ። ትምህርቱ ተገቢ ነው እላለሁ። መሣሪያው ግን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አይታደልም። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ፣ ያውም በወረፋ፣ መሣሪያ የነካ ልጅ ወደ ቤቱ ገብቶ የሚደግምበት ከሌለው በሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። እጅ የሚለምደው በድግግሞሽ ነው፤ ይህን እንጀራ መጋገር የተማረች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይመጣል።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገሩን ሳነሣለት «ክራር? ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔም እንደ ቀልድ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የቀልድ አልነበረም፤ ከልቤ የተስማማሁ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳለ የጉማራን ወንዝ ተከትሎ ከብት ይጠብቅ ነበር። ሜዳው ውኃ የሚተኛበት፣ ከብቱ ሰንጋ የሚሆንበት አገር ነው፤ የፎገራ ከብት ስሙ በከንቱ አልወጣም። ዛሬ ሩዝ የሞላበት መሬት ያን ጊዜ አብዛኛው ግጦሽ ነበር። ወንድሜ ከወንዙ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ፣ ብረት አግሎ በአራት ቦታ ቀዳድቶ ዋሽንት ሠራ። ማንም አላስተማረውም። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ሲነፋ እናቴ ከእጁ ቀምታ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። «ማታ እባብ ልትጠራብን ነው? ደግሞስ በኛ ዘር ማን አዝማሪ ነበረ?» አለችው። ወንድሜ አላለቀሰም። እሳቱን ብቻ ያይ ነበር። ሸምበቆው ሲነድ አንዳች ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣ፤ ያ ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ዋሽንት አልነካም።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። የፈራችው ስም ነው። በሠርጋችን ላይ አዝማሪ ካልመጣ ሠርጉ ሠርግ አይመስለንም፤ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፤ በስማችን እየጠራ እንዲያሞግሰን ግጥም እንሰጠዋለን። በማግስቱ ግን ልጃችን ማሲንቆ ቢያነሣ «ዘር አሰዳቢ» እንለዋለን። እስቲ ጎንደር አጠገብ ያለችውን ቡርቧክስን አስቡ። የአዝማሪ መንደር መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። የዚያ መንደር ልጅ ተለይቶ ጣት አልተሰጠውም። ማሲንቆው ቤቱ ውስጥ፣ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ስላለ ነው የሚችለው። እኛ የምንንቀው ቤት ለልጁ ያደረገለትን እኛ የምንከበረው ለልጆቻችን አላደረግንም።

ይህን አስቤ አስቤ ባለቤቴን አንድ ቀን «እቴጌ ጣይቱስ በገና ይደረድሩ ነበር ይባላል፤ አዝማሪ ነበሩ?» አልኩት። «በገና ሌላ፣ ክራር ሌላ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አገራችን እንደዚያ ነው የሚለየው፤ በገናን የዳዊት ይለዋል፣ ክራርን የዓለማዊ። ሴት ልጅ ክራር ብትይዝ ደግሞ ሐሜቱ ይብሳል። ነገር ግን ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ስማቸውን ያስጠሩት ክራር ይዘው ነው። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ «የክራሯ እመቤት» ብሎ ያላዘነላት አልነበረም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ መልስ አልሰጠኝም፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ለኔ ያ ፈቃድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያጠፋሁትን ገንዘብ ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተ ትተርፉ ይሆናል።

በመጀመሪያ ከባሕር ዳር የገዛሁላት በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ መጫወቻ ፒያኖ ነው። ያብለጨልጫል፣ የዶሮ ድምፅ ያወጣል፣ አንዷን ቁልፍ ስትነኪው የፈረንጅ የልደት ዜማ ይጫወታል። ልጄ ሁለት ቀን ተደሰተችበት። በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ ይኼ እኮ እሱ ነው የሚጫወተው፤ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። የመጫወቻ ዕቃ ልጅን ያጫውታል እንጂ አያስተምርም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በየካቲት ወር ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ስሄድ፣ ለአገር ጎብኚ ዕቃ ከሚሸጡበት ሱቅ ክራር ገዛሁ። ባለ ዛጎል ነው፤ በቀይና በአረንጓዴ ጨርቅ አጊጧል፤ ቆዳውም የበሬ ሥዕል አለበት። ሳየው ልቤ ጠፋ። ቤት ወስደን ልንቃኘው ብንል መቃኛው እየተንሸራተተ አልይዝ አለ። ክሩን ስንስበው ደግሞ ላይኛው ቀንበር ወደ አንድ ጎን አጋደለ። ለካ የተሠራው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ነው! ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሎ አለ፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። እናንተ ስትገዙ ሻጩን «እስቲ ቃኝተህ አንድ ዜማ ምታልኝ» በሉት። ከቃኘው በኋላ ጥቂት ቆማችሁ ወሬ አውሩና እንደገና እንዲመታው ጠይቁት። ቅኝቱ ከወረደ ትታችሁት ሂዱ።

በዚህ መካከል መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የሒሳቡ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲነገር ሰማን፤ ሙዚቃውን ያስታወሰው አልነበረም። ልጄ ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለች። ያቺ ደብተር በድጋሚ ወጣች። ይህን ጊዜ ግን አልሳቅኩም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበቴና ሙቀጫ የሚፈለፍሉ ሽማግሌ አሉ። በልጅነታቸው ክራር ይመቱ እንደነበር ሰምቼ ስለነበር ሄድኩና «አያ፣ ለልጄ ክራር ይሥሩልኝ» አልኳቸው። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለልጄ» አልኩ። «እሱን ሰማሁ፤ እጇን አምጪልኛ!» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ልጅቷን ይዤ ስመለስ ነው። ሽማግሌው የግራ እጇን ጣቶች በአንድ ርግብግቢት እንጨት ላይ ዘርግተው፣ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ያለውን በቢላዋ ጫፍ ምልክት አደረጉበት። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ያፍናሉ፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣት ክሩን ማግኘት አለበት። በአዋቂ ክራር ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣቷ አይደርስም፤ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ልጅቷ «አልችልም» ብላ ትተወዋለች፣ እኛም «ተሰጥዖ የላትም» እንላለን። ጥፋቱ የእንጨቱ መሆኑን ማን ይነግራታል?

ክራሩ ከዋንዛ ተሠራ። ቆዳው የዚያው ዓመት የፋሲካ ፍየላችን ቆዳ ነው፤ እርጥብ ሳለ ገበቴው ላይ ተወጥሮ እዚያው ደረቀ። ክሩ በድሮ ጊዜ ከጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ነው። እኛም ጣና ዳር ዓሣ ከሚያጠምድ የጎረቤት ልጅ ወፍራምና ቀጭን የማጥመጃ ክር አገኘን፤ ወፍራሙ ለወፍራም ድምፅ፣ ቀጭኑ ለቀጭኑ። መቃኛው ብረት የለውም፤ በቀንበሩ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ክሩን ነክሶ ይይዘዋል፤ ስታዞሪው ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሁሉም ተደምሮ የወጣብኝ ገንዘብ ከአንድ ጥንድ ጫማ ብዙም አልበለጠም። ባለ ዛጎሉ ግን ሦስት ጥንድ ያህል በልቶኛል።

ክር አምስት ቢሆን ስድስት ግራ የምትጋቡ ካላችሁ፣ ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋን ድምፅ ከፍ አድርጋ የምትደግም ናት። ዋናዎቹ አምስት ናቸው። መምህሯ በሰሌዳ ላይ የጻፉት «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» አንዱ የትዝታ ቅኝት ነው። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። ስለዚህ ልጆቻችሁ «ዶ ሬ ሚ» የፈረንጅ ነው ብላችሁ አታስፈራሯቸው፤ እናታችን ስታንጎራጉር የሰማነው ያው ነው።

መሣሪያው ቤት ከገባ በኋላ ስላለው ኑሮ ጥቂት ልበላችሁ። ክራርን ከምድጃ አጠገብ አትስቀሉ፤ ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቅና ይሰነጥቀዋል። በክረምት ደግሞ በኛ አገር እርጥበት ቆዳው ይላላል፤ ድምፁም ይሰንፋል። ከበሮ መቺዎች ከበሯቸውን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ጥቂት የሚያሞቁት ለዚሁ ነው። በየቀኑ ከመመታቱ በፊት መቃኘት አለበት፤ ናይለን ሲለጠጥ ይውላልና። መቃኘቱን ለልጆቹ ተዉላቸው። ልጄ በመጀመሪያው ወር ከመምታቷ ይልቅ ስትቃኝ የምትውለው ይበልጥ ነበር፤ ጆሮዋ የተከፈተው ግን በዚያ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ እየለካ መውረድ መውጣቱን የሚያሳይ መቃኛ አለ፤ እኛም ተጠቅመንበታል። በቀን አንድ ጊዜ ለማመሳከር ይበጃል፤ ሁልጊዜ ከሆነ ግን ልጁ በዓይኑ መስማት ይለምዳል።

ጊዜውን በተመለከተ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። እኔ ወጥ በምሠራበት ሰዓት አድርጌዋለሁ፤ እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን ነፃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትሰሙት ደስ አይልም። ማሲንቆ ከሆነ ደግሞ የድመት ልቅሶ ነው፤ አንዲት ክር ብቻ ናት፤ ጣት የት ላይ እንደሚያርፍ የሚነግር ምልክት የላትም፤ ጆሮ ነው ፈልጎ የሚያገኛት። እባካችሁ «ኤጭ፣ ራሴን አመመኝ» አትበሉ። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ገና አንዲት ዜማ ሲይዝ «ና፣ ለእንግዶች ምታላቸው» ማለት። ልጄን አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌያት እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ክሩ ተሳሳተ፣ እንግዶቹ ሳቁ፤ ሁለት ሳምንት ክራሩን አልነካችም።

በጃፓን አገር ሺኒቺ ሱዙኪ የተባለ የቫዮሊን መምህር ነበር። ለትንንሽ ልጆች በእጃቸው ልክ የተሠሩ ትንንሽ ቫዮሊኖች ይሰጣል። የሚገርመው ግን ልጁ ከመጀመሩ በፊት እናቲቱን መጀመሪያ ያስተምራታል። ልጁ እናቱ ስትጫወት አይቶ «እኔም ልሞክር» እስኪል ይጠብቃል። ይህን ሳነብ ለካ ልጄን ሳዝ እንጂ ስሞክር አይታኝ አታውቅም አልኩ። አንድ ማታ «እስቲ አንቺ አስተምሪኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጣቴ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ አምስቱን ክር ለይቼ ማፈን አቃተኝ። ልጄ እየሳቀች «እማዬ፣ አትቸኩይ፤ ትንሿን ጣትሽን አላስታወስሻትም» ትለኛለች። በዚያች ሰዓት ያቺ ልጅ እንዴት እንደኮራች ብታዩ!

ክራር ካልሆነላችሁ ዋሽንት አለ። ከሁሉ የሚረክስ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋሽንት አይቃኝም። ድምፁ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ተወስኖ ያልቃል፤ ነፊዎቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ልጆች አብረው እንዲጫወቱ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ዋሽንቶች በአንድ ልክ አስቆርጡ። አፍ ለአፍ መዋዋሱንም ከልክሉ፤ ለጉንፋን አመቺ ነው። ገና ትምህርት ላልጀመሩት ትንንሾች ደግሞ ከበሮ ይበቃቸዋል። የእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቼ ቤት የመንዙማው ድቤ፣ በኛ ቤት የመዝሙሩ ከበሮ አለ፤ ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ የትኛው ከየት ቤት እንደመጣ አይለይም።

በድሮ ጊዜ ለልጅ ፒያኖና ቫዮሊን ማቅረብ የመኳንንት ቤት ጉዳይ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ልጅ በመሆናቸው በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ግን ልጅ ሳለ የተማረው ከጎረቤቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም ቢሆን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ፒያኖ ከመንካቱ በፊት በልጅነቱ የነካው ክራር ነው። ከፒያኖው አስቀድሞ ጆሮውን ያለማመደችው ያች ክራር ናት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲከፈቱ ልጄ ክራሯን ይዛ ሄደች። በማግስቱ ሦስት እናቶች ቤቴ መጡ። በቡና መካከል ነገሩ ወደ ዕቁብ ተለወጠ። ስድስት ሆነን በየወሩ አዋጥተን፣ ዕጣ ለወጣላት ልጅ ሽማግሌው እጇን እየለኩ ክራር እንዲሠሩ ተስማማን። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን «እኔ ለክራር የማወጣው የለኝም» አለች፤ ግማሽ ዕጣ አደረግንላት። የሷ ልጅ ቀድሞም ዋሽንት ይነፋ ስለነበር ከሁሉም ፈጥኖ ያወቀው እሱ ሆነ፤ ዛሬ ሌሎቹን ልጆች የሚቃኝላቸው እሱ ነው። ሁሉም ተሳካ ብዬ አልዋሻችሁም። ከስድስቱ ክራሮች ሁለቱ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ልጅ እግር ኳስ ይሻለኛል ብሎ ተወው። እሱንም አልወቅሰውም፤ ሞክሮ ነው የተወው።

ከዕቁቡ ይልቅ የምመኘው ግን ዕድራችን ቢገባበት ነው። ዕድር ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፤ አባል ሲቸግረው ፈርሞ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ስድስት ክራርና አሥር ዋሽንት ቢኖረውስ? በቬኔዙዌላ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረ ለድኻ ልጆች መሣሪያ እያዋሰ የሚያስተምር ሥራ አለ፤ ከዚያ ታላላቅ ሙዚቀኞች ወጥተዋል። ደግሞ ትንንሾቹን ልጆች የሚያስጀምሯቸው በወረቀት በተሠራ ቫዮሊን ነው፤ አያያዙንና አጠባበቁን ሲለምዱ እውነተኛውን ይሰጧቸዋል። ይህን ስሰማ የልጄ ደብተር ትዝ አለኝ። ልዩነቱ የነሱ ወረቀት መጀመሪያ መሆኑ፣ የኛ ግን መጨረሻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በፓራጓይም ከቆሻሻ መጣያ ላይ በተለቀመ የዘይት ጣሳ ቫዮሊን እየሠሩ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ የኛ ልጆችም በቆርቆሮ ክራር ሲጫወቱ አይተን እናውቃለን። ሐሳቡን በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንሥቼው ነበር። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ሳቁ፤ አንዱ ግን «ድንኳኑ ውስጥ ሁልጊዜ ልቅሶ ብቻ ይሁን እንዴ?» አሉ። ጉዳዩ ገና ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

የዚያ ዓመት የእንቁጣጣሽ ዕለት እናቴ ከገጠር መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ወንድሜ ሩቅ አገር ሾፌር ነውና እንኳን አደረሳችሁ ሊለን ስልክ ደወለ። ልጄ ከእጄ ቀበል አድርጋ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አለችና ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፋ የትዝታ ዜማ መምታት ጀመረች። እስከ መጨረሻው መታችው። ከዚያኛው ጫፍ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላነሣ ስል፣

«ሁለተኛዋ ክር ወርዳለች» አለ ወንድሜ።

«ቆይ አጎቴ» ብላ ጨርቁን አዞረች። «አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀራታል።»

«አሁንስ?»

«አዎ፣ እሷ ናት። አሁን ድገሚው።»

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። «ማነው እሱ የሚያርማት?» ብላ ጠየቀች፤ ድምፁን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ማንም አልመለሰላትም። ልጄ ከመጀመሪያው ደገመችው። እናቴ የመቁያውን እጀታ እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ ስልኩ አዙራ ስታዳምጥ ቡናው አረረ።